ዘይነባ ዘንድ የሚያደርስ ጫማ

ሱቁ ውስጥ አራት ነበርን። የሱቁ ባለቤት ሰሚራ ከመስታወቱ መደርደሪያ ኋላ ቆማለች። ልጄ አስቴር በሩ ላይ ናት፤ አንድ ዓይኗ ወደ መንገዱ፣ አንድ ዓይኗ ወደ እኔ። ከአምባሰል ወገን ለገበያ የወረደ አንድ ጎልማሳ ገበሬ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጦ የላስቲክ ጫማ ይለካል። እኔ መሐል ላይ፣ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጬ የቀኝ እግሬን ካልሲ አውልቄያለሁ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። ጥቅምት ገብቶ የሐይቅ ከተማ ጭቃ ወደ አቧራ መለወጥ ጀምሯል።

«ወዴት ሊሄዱበት ነው እትዬ?» አለች ሰሚራ። ዐረብ አገር ስምንት ዓመት ሠርታ ተመልሳ ነው ይህን ሱቅ የከፈተችው። ሕፃን ሳለች አስተምሬያታለሁና ስታናግረኝ ዛሬም እጇን ወደ ኋላ ታደርጋለች።

«ወደ ዘይነባ» አልኳት።

ዘይነባ ጓደኛዬ ናት። አገሯ ከውጫሌ ወዲያ፣ ወደ ግሸን በሚወስደው በኩል ካሉት ተራሮች በአንዱ ላይ ነው። ባጃጁ ግርጌው ድረስ ያደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ጉልበቱ ለጸና ሰው ሁለት ሰዓት ዳገት ነው። በክረምቱ ደጇ ላይ አዳልጧት ወድቃ ዳሌዋ ተጎድቷል፤ አሁን በምርኩዝ ከቤት እስከ ጓሮ ብትሄድ ነው። በስልክ ስንነጋገር ስለ ሕመሟ ብዙም አላወራችም። «ተዋቡ፣ እንግዲህ የእኔ መውረድ አብቅቷል» አለችኝ። «ልታዪኝ ከፈለግሽ አንቺ ነይ።» እኔም እመጣለሁ አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ጉልበቴን ያስታወስኩት።

አስቴር ነገሩን ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፤ የምሬን መሆኑን ስታይ ተቆጣች። ሰባ ያለፋት ሴት ያን ዳገት ምን ልትሠራ ትወጣለች? ወድቀሽ አልጋ ላይ ብትቀሪስ? ስንከራከር ሰንብተን በመጨረሻ ስምምነት ላይ ደረስን። ከቤታችን ተነሥቼ እስከ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በር፣ ሴቶች ከምንቆምበት ድረስ ሄጄ ሳላነክስ ከተመለስኩ ትፈቅድልኛለች። ካነከስኩ ነገሩ አበቃ። ልጅ እናቷን የምትፈትንበት ዘመን ላይ ደርሰናል። ቢሆንም ተስማማሁ።

ሰሚራ ሦስት ዓይነት ጫማ ደረደረችልኝ። አንደኛው ነጭ ስኒከር ነው፤ ሶሉ እንደ ዳቦ የተነፋ፣ ዛሬ ወጣቱ ሁሉ የሚያደርገው። ሁለተኛው የወይን ጠጅ መልክ ያለው፣ ማሰሪያ ያለው፣ ዝቅ ያለ ጫማ ነው። ሦስተኛው ጥቁር ቆዳ፣ ትንሽ ተረከዝ ያለው፣ አፉ ላይ ቀጭን ወርቃማ ዘለበት ያረፈበት ነው። እጄ ሳላዘው ወደ ጥቁሩ ሄደ።

«ወላሂ እትዬ፣ ይሄ ለሠርግ ነው እንጂ ለዳገት አይሆንም።»

«እናቴ፣ የዳገቱስ ጫማ ይሄ ነው» አለ ገበሬው፣ የላስቲኩን ጫማ ወደ ላይ አንሥቶ። «ውኃ አያስገባ፣ ቢቆሽሽ በእፍኝ ውኃ ለቅለቅ ነው። ፍየል የወጣችበትን ሁሉ ይወጣል።»

«ፍየል ጫማ አታደርግም» አልኩት።

«ዋጋውን ሰምታ ነዋ!»

ሰሚራ ሳቀች። አስቴርም በሩ ላይ ሆና ሳቀች። እኔ ጥቁሩን አጠለቅኩት። ልክክ አለ። ዘይነባ ፊት ተጎሳቁዬ መታየት እንደማልወድ ለማንም አልተናገርኩም። አጎንብሼ ዘለበቱን ስቆልፍ የአዲስ ሶልና የማስቲሽ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ ለጥቂት ጊዜም ሰሚራ የምትለውን አልሰማሁም።

ልጃገረድ ሳለሁ ሐይቅ ላይ ጫማ የምናገኘው ሐጂ ከምንላቸው ነጋዴ ሱቅ ነበር። ሐጂ ስኳርም፣ ላምባም፣ የእርሻ ገመድም፣ ጫማም ይሸጣሉ። ጫማው ጥንድ ጥንድ እየታሰረ ከጣሪያው ይንጠለጠላል፤ ሱቁ ውስጥ ቀና ብሎ የቆመ ረጅም ሰው ግንባሩን በሶል መመታቱ አይቀርም። የላምባውና የአዲስ ጎማው ሽታ ተቀላቅሎ ከበሩ ውጭ ይደርሳል። ከሱቁ ፊት ለፊት ቡና ቤት ነበር፤ ሸክላ ማጫወቻ ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ አምባሰል ሲዘፈን መንገደኛው ሁሉ ርምጃውን ያዘገያል። እኛ ልጃገረዶቹ ግን ስናዘገይ እንዳንታይ ሐጂ ሱቅ ገብተን ዋጋ እንጠይቃለን። ሐጂ ነገሩ ስለሚገባቸው «ዘፈኑ ሲያልቅ ንገሩኝ፤ ያኔ ዋጋውን እነግራችኋለሁ» ይሉን ነበር። ሸራ ጫማ ሦስት ብር ከሃምሳ ነው። ታኮ ያለው የቆዳ ጫማ አሥራ አራት ብር። በአሥራ አራት ብር አንድ ቤተሰብ ወሩን የሚዘልቅበት ጊዜ ነበር።

ዘይነባና እኔ በአንድ ዓመት ነው አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስነው። ከየሰፈራችን እዚያ የደረስን ሴቶች እኛ ብቻ ነበርን። በዚያ ክረምት ለመምህርነት ቅጥር ደሴ ድረስ ሄደን ቃለ መጠይቅ እንድንቀርብ ተጠራን። አባቴ «አንድ ጊዜ ሞክሪው፤ ካልሆነ እርሻው አለልሽ» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያለውን ነው የነገረኝ። ልብስ አልቸገረንም፤ ያኔ ተርጋል ጉርድ ቀሚስ መጥቶ ነበር፣ ተጥቦ ሳይተኮስ የሚለበስ፤ ሁለታችንም አንድ አንድ ነበረን። ጫማ ግን አልነበረንም። ሐጂ ሱቅ አብረን ሄድን። ዘይነባ ሸራውን አነሣች፤ ያውም ከእግሯ ትንሽ ሰፋ ያለውን። እኔ ባለ ታኮውን። እናቴ የሸጠችው ቅቤ ነው የከፈለልኝ። ጠዋት ቁጭ ብዬ ለካሁት፤ ልክክ አለ።

«በዚህ ጫማ መንገድ ትሄጃለሽ?» አለችኝ ዘይነባ።

«መንገዱንማ በባዶ እግሬ ነው የምሄደው» አልኳት።

ይህ ለዛሬ ልጆች እንግዳ ነገር ነው። በእኛ አገር ጫማ የከተማ ነበር። መንገዱን እግር ይችለዋል፤ ጫማ በጨርቅ ተቋጥሮ በእጅ ይያዛል፣ ወይም በዱላ ጫፍ ይንጠለጠላል። ከተማው ጠርዝ ሲደረስ ወንዝ ተፈልጎ እግር ይታጠባል፤ ያኔ ጫማ ይደረጋል። በገበያ ቀን ወንዙ ዳር የሚታጠበው ሰው ብዛት ጥምቀት ይመስል ነበር። እንዲህ እየተደረገ አንድ ጫማ ዐሥር ዓመት ይኖራል። አባቴ ለሠርጉ የገዛውን ጫማ ለእኔ ክርስትና አድርጎታል ይባላል፤ ያም ቢሆን አዲስ ነበር።

በቀጠሮው ቀን የተሳፈርንበት የደሴ አውቶቡስ ግማሽ መንገድ ላይ ተበላሸ። ሹፌሩ ከሥሩ ገብቶ ሲወጣ እጁን ብቻ ነው ያወዛወዘው። ቀጠሯችን ከሰዓት በኋላ ስለነበረ በእግር ጀመርን። ዘይነባ ሸራዋን አድርጋ፣ እኔ ጫማዬን በሻሽ ቋጥሬ፣ በባዶ እግሬ። ጠጠሩ ሞቆ ነበር፤ ለወትሮው አይሰማኝም። ከተማው ጠርዝ ወንዝ ስንደርስ ታጥቤ፣ እግሬን በሻሹ አድርቄ፣ ጫማውን ሳስገባ እግሬ እንቢ አለ። አብጦ ነበር። ጠዋት ቁጭ ብሎ የተለካ ጫማ፣ ከሰዓት በኋላ መንገድ የሄደ እግርን አያውቀውም። ውኃ ውስጥ ነከርኩት፤ አልሆነም። ዘይነባ ተንበርክካ ገፋችው፤ አልሆነም።

«ተረከዙን ርገጪውና እንደ ነጠላ ጫማ አድርጊው፤ እኔን ያዢ» አለችኝ። ትከሻዋን ይዤ እየጎተትኩ ቢሮው በር ደረስን። ዘበኛው ባዶ እግሩን የመጣ አያስገባም። እኔን ከላይ እስከ ታች አይቶ አሳለፈኝ። ግቢው ውስጥ አንድ ባሕር ዛፍ ነበር፤ ከኋላው ተቀመጥን። እንደዚያ ባለ አካሄድ አስተማሪ እሆናለሁ ብላ ፈታኝ ፊት የምትቀርብ ልጅ ምን ትመስላለች ብዬ አሰብኩ። ዘይነባ ያሰብኩትን የሰማች ይመስል የሸራዋን ክር ፈታች።

«በፊደል ተራ አንቺ ትቀድሚያለሽ» አለች። «አድርጊውና ግቢ። ስትወጪ ትሰጪኛለሽ።»

ሸራው ሰፋ ያለ ስለነበር ላበጠው እግሬ ልክ ሆነ። ተጠራሁ፤ ገባሁ። ያላወቅነው ነገር ጠያቂዎቹ በሁለት ክፍል መሆናቸውን ነው። እኔ ገና የመጀመሪያውን ጥያቄ እየመለስኩ ሳለሁ የዘይነባ ስም ከደጅ ሲጠራ በመስኮቱ ሰማሁ። ተነሥቼ መሮጥ ነበረብኝ። አልተነሣሁም። ስለ ሒሳብ ማስተማሪያ ዘዴ የጠየቁኝን መልሼ ጨረስኩ። ስወጣ ዛፉ ሥር ማንም አልነበረም። ባለ ታኮው ጫማዬ ብቻ ጎን ለጎን ተቀምጧል።

የሆነውን የነገረችኝ ስንመለስ መንገድ ላይ ነው። ባለ ታኮው ለእሷም እግር እንቢ ብሎ በባዶ እግሯ ገብታ፣ ቀሚሷን ዝቅ አድርጋ ቆመች። ከጠያቂዎቹ አንዱ ወደ እግሯ አየና «ጫማሽስ?» አላት።

«ጫማዬ ቀድሞኝ ገብቷል፤ እዚያኛው ክፍል ነው» አለች።

ሰዎቹ ሳቁ። ከሳቃቸው በኋላ በሚገባ ጠየቋት፤ በሚገባ መለሰች። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሁለታችንም ስም ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። እኔ እዚሁ ሐይቅ ተመደብኩ። እሷ ያን ተራራ ላይ፣ አንድ ክፍል ብቻ ያለው ትምህርት ቤት። «በባዶ እግሯ የመጣች ዳገት አይከብዳትም ብለው ነው» እያለች ዕድሜዋን ሙሉ ስትቀልድ ኖረች። ቀልድ ብቻ እንዳልሆነ እኔ አውቃለሁ፤ እሷም እንደማውቅ ታውቃለች። ተነጋግረንበት አናውቅም። እዚያው አገባች፣ እዚያው ወለደች፣ እዚያው ጡረታ ወጣች። ዛሬ ከዚያ ተራራ ሐኪምም መሐንዲስም ወጥቷል፤ ፊደል ያስቆጠረቻቸው እሷ ናት። በዚህ ሁሉ ዓመት በገበያ ቀን፣ በዓረፋ ማግሥት፣ ለልጆቼ ክርስትና የምትወርደው እሷ ነበረች። እኔ የወጣሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያም መንገዱ የተዘጋባቸው ዓመታት መጡ፤ ሲከፈትም ጉልበቴ እንዲህ ሆነ።

ጥቁሩን ጫማ ገዛሁት። ሰሚራ በካርቶን ስትከትልኝ ራሷን ነቀነቀች። አስቴር «መንገድ እስክትሄጂ ይቀመጥ፣ አቧራ እንዳይነካው» ብላ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀለችው። እኔም ተውኩት።

በሦስተኛው ቀን አውርደን ለፈተናው ወጣን። ጠዋት ነበር፤ አየሩ ቀዝቃዛ፣ ሐይቁ ጸጥ ያለ። ወደ ገዳሙ ስንሄድ ደኅና ነበርኩ። በሩ ጋ ደርሼ ተሳልሜ፣ ድንጋይ ላይ ትንሽ አረፍኩ። ስመለስ የቀኝ ተረከዜ ይቃጠል ጀመር፤ ቀጥሎ ግራው። ውኃው ዳር ቆሜ ወፎች የማይ መሰልኩ። አስቴር አብራኝ ቆመች። እንደገና ስሄድ ጥርሴን ነክሼ አካሄዴን አስተካከልኩ። ቤት ገብቼ ሳወልቅ ግን ካልሲው ደም ነበረው።

«እማዬ፣ አለቀ» አለች። «በስልክ ታወሪያታለሽ። ምስሏን እያየሽ ታወሪያታለሽ። ይበቃል።»

 የተላጠውን ቦታ በጨው ውኃ አጠብኩት። ያን ቀን ሥራዬን ሁሉ ሠራሁ፤ ወፍጮ ቤት ሄድኩ፣ ለቅሶ ደረስኩ። ዐሥር ሰዓት ላይ በነጠላ ጫማ ሆኜ፣ ካርቶኑን በፌስታል ይዤ ብቻዬን ሰሚራ ሱቅ ሄድኩ።

እግሬን አየችና «አዬ እትዬ!» አለች። «መቼ ነበር የለካነው? ጠዋት! ጥፋቱ የእኔ ነው። ጫማ ከሰዓት በኋላ ነው የሚለካው፤ ያኔ ነው እግር እውነቱን የሚናገረው። እኛ እዚያ አገር ቀኑን ሙሉ ቆመን ስንውል፣ የቀጠረችኝ ሴትዮ በጠዋት የሰጠችኝ ጫማ ማታ በመቀስ ነው የወጣው።»

የምታወራው ነገር ለእኔ አዲስ አልነበረም። አንድን ስህተት ለሁለተኛ ጊዜ ለመሳሳት ግማሽ ምዕተ ዓመት መጠበቅ መቻሌ ብቻ ነው የገረመኝ።

ሰሚራ የወይን ጠጅ መልክ ያለውን አወረደች። «ከሚያደርጉት ካልሲ ጋር ነው የሚለካው» ብላ የራሷን ወፍራም ካልሲ አመጣችልኝ። ጣቴ ጫፍ ላይ በአውራ ጣቷ ተጭና ለካች፤ ቁልቁለት ሲወረድ ጣት እንዳይመታ ትንሽ ቦታ መቅረት አለበት አለች። ሶሉን አጠፍ ዘርጋ አደረገችው፤ የሚታጠፈው ጣት ከሚታጠፍበት ላይ ነው፣ መሐሉ ግን ጠንካራ ነው። ተነሥቼ ቆምኩ። ሱቁ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሄድኩ። ከዚያ እጄን ይዛ ወደ ውጭ አወጣችኝና ከሱቁ ጎን ያለውን ደረጃ ሦስት ጊዜ አስወጥታ ሦስት ጊዜ አስወረደችኝ። ባጃጅ ተራ ላይ የቆሙት ወጣቶች ያዩን ነበር።

«እማማ፣ ለሩጫ ነው?» አለ አንዱ።

«አዎ፤ ትችል እንደሆነ ና» አለችልኝ ሰሚራ።

መልኩም መጥፎ አይደለም። እንዲያውም ከጥቁሩ ይሻል ነበር፤ ከነጠላዬ ጥለት ጋር ይሄዳል። ይህን ያለችው ሰሚራ ናት፤ እኔ እግሬን አዙሬ አየሁት። የተደረገ ጫማ እንደማይመለስ ስለማውቅ ገንዘብ ሳወጣ እጄን ያዘችኝ።

«ጥቁሩን እኔ አደርገዋለሁ፤ ቁጥራችን አንድ ነው። አብሽሩ እትዬ። እናቴ የዚያ ተራራ ልጅ ናት፤ እማማ ዘይነባ ፊደል አስቆጥረዋታል።»

አዲሱን ጫማ ቁም ሳጥን ላይ አልሰቀልኩትም። በማግሥቱ ጠዋት ቤት ውስጥ አድርጌው ዋልኩ፤ ምጣድ ቤትም፣ ጓሮም። በሁለተኛው ሳምንት ቤተ ክርስቲያን በእሱ ሄድኩ፣ ገበያ በእሱ ሄድኩ። አስቴር «ሳትሄጂበት ጨረስሽው» ትለኛለች። ይጠረግ እንጂ አያልቅም እላታለሁ። ጎረቤቶቼ ደግሞ ወሬ አገኙ፤ የአስቴር እናት ደመቀች፣ ምን ተገኘ ይባባላሉ። ቁስሌ ሽሮ፣ ቆዳውም እግሬን ለምዶ፣ ኅዳር ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው አስቴርን ከሰዓት በኋላ ጠራኋትና «ተነሽ፣ ገዳሙ በር እንሂድ» አልኳት።

ወፍ ለማየት አልቆምኩም። ስንመለስ እንዲያውም አስቴር ናት ጫማዋን አውልቃ ጠጠር ያራገፈችው። ቤት ስንገባ እግሬን ዘርግቼ አሳየኋት። ካልሲውን ራሷ አወለቀችው፤ ተረከዜን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ውጫሌ ላለ ለምታውቀው ባለ ባጃጅ ደወለች። «ቅዳሜ ጠዋት አለህ?» ስትለው ሰማሁ።

ቅዳሜ ማለዳ ከሐይቅ በሚኒባስ ውጫሌ ገባን፤ ከዚያ በባጃጅ ቀጠልን። ባጃጁ ሊደርስበት የሚችለው አንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ነው። ከዚያ በላይ ቀጭን መንገድ ብቻ ነው፤ በማሽላው መሐል አድርጎ ወደ ተራራው ይወጣል። የዘይነባ ምራት ከድጃ ዋርካው ሥር ትጠብቀን ነበር፤ በእጇ የተጫነች በቅሎ ይዛለች። ሰላምታው ረዘም አለ፤ የእኛን ደኅንነት፣ የልጆቹን፣ የከብቱን፣ የእህሉን ጠየቀችን።

«እማማ ናቸው በቅሎዋን የላኩት» አለች። «ይቀመጡባት።»

ጥሩ በቅሎ ነበረች፤ ለስላሳ ዓይን ያላት። አስቴር ወደ እኔ አየች። እሷ ሥራ ስላላት ከዚያው ነው የምትመለሰው።

«ጓዙን ጫኚባት» አልኳት ከድጃን።

«እርስዎስ?»

«እኔ እሄዳለሁ።»

ከድጃ አፏን በሻሿ ሸፍና ሳቀች። «እማማ ቀድመው ነግረውኛል። አልቀመጥም ካለችሽ፣ ቀስ ትበል በያት፤ እኔ የትም አልሄድም ብለውኛል።»

አስቴር የነጠላዬን ጫፍ ወደ ትከሻዬ መለሰችልኝ። የጫማዬን ማሰሪያ ጠበቅ አድርጌ ዳገቱን ጀመርኩ።